በወንፊት ያለፈው አፈር

ጥቅምት 3 ቀን

ይድረስ ለማከብርዎ አጎቴ፤

ይህች ወረቀት እጅዎ ስትገባ እርስዎንም፣ እንደ ወለደች እናት ያሳደገችኝን አክስቴንም በጤና ታግኛችሁ። እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደኅና ነኝ።

ከጡብ ፋብሪካው መሰናበቴን በክረምቱ ደብዳቤዬ ገልጬልዎ ነበር። አሁን በአንድ የአፈር ምርምር ጣቢያ ተቀጥሬያለሁ። ጣቢያ ይባል እንጂ ሁለት ክፍል፣ አንድ ያረጀ መኪና፣ በዘነበ ቁጥር ባልዲ የሚደቀንበት አንድ መተላለፊያ ነው። አለቃዬ በጂኦፊዚክስ የተማሩ ሰው ናቸው። ምን ዓይነት ሙያ እንደሆነ ብጠይቃቸው «የምድርን ሆድ ሳይቀድዱ ማየት ነው» አሉኝ። ስለዚህ እኛ ሠራተኞቹ የምድር ሐኪም እንላቸዋለን። ለዚህ ሥራ የተሰለፍነው አሥራ አንድ ሰዎች ነበርን፤ ከሁሉም ቀጫጫው እኔ ነበርሁ። ከየት እንደመጣሁ ጠየቁኝ። ስነግራቸው የመንደሩን ስም ደግመው አስጠሩኝና «ነገ ግባ» አሉኝ።

ሥራዬ መዶሻና ካስማ መሸከም ነው። አርባ ስምንት የብረት ካስማ በአንድ መስመር እተክላለሁ፤ ሽቦ አያይዛለሁ፤ እሳቸው ከአንድ ሣጥን ጥቂት ኤሌክትሪክ ይለቁበታል። ደረቅ አለት ኤሌክትሪኩን ይከለክለዋል፤ የማዕድን ዝቃጭ የጠጣ እርጥብ ምድር ግን ያለ ችግር ያሳልፈዋል። ይህ ሁሉ ከሣጥኑ ጋር በተያያዘ የኮምፒውተር መስተዋት ላይ በቀለም ይታያል፤ ጤነኛው ቀይ፣ የታመመው ሰማያዊ ነው። መጀመሪያ ቀን ሰማያዊ ሲበዛ አይቼ ደስ ብሎኝ ነበር።

እኒህ ሰው ከዚህ በፊት ለሃያ ዓመት በማዕድን ኩባንያዎች ሠርተዋል። በሄሊኮፕተር የሚመላለሱ፣ ሲናገሩ ሰው የሚያደምጣቸው ነበሩ ይባላል። ያን ትተው ለምን ጭቃ ውስጥ እንደገቡ ብጠይቃቸው፣ «ድሮ ምድርን ምን እንዳላት ነበር የምጠይቃት፤ አሁን ምን እንዳመማት ነው» ብለው መለሱልኝ።

አጎቴ ሆይ፣ ይህን ሁሉ መጻፌ ለወሬ አይደለም። ባለፈው ሳምንት የማዕድን ማውጫ ዝቃጭ ከሚጠራቀምበት ከአንድ ኩሬ በታች ባለ መንደር ሠርተን ነበር። ኩሬው ከእኛ ቤት በላይ እንዳለው ያለ ነው። መስተዋቱ ከኩሬው እስከ መንደሩ የውኃ ጉድጓድ ድረስ ሰማያዊ ሆነ። ዝቃጩ አርሴኒክ የሚባል ቀለምም ሽታም ጣዕምም የሌለው መርዝ ነበረበት። ውኃውን ለዓመታት የጠጡት ሴቶች መዳፋቸውን ዘርግተው አሳዩን፤ እንደ ጫማ ሶል ጠንክሮ ፍሬ ፍሬ አውጥቷል። ያን ጊዜ እርስዎ በክረምቱ የጻፉልኝ ትዝ አለኝ፤ አክስቴ የጋለ ድስት ያለ ጨርቅ ማንሣት ጀመረች ብለው ቀልደው ነበር።

እግርዎ ላይ ወድቄ እለምናለሁ፤ ከግቢያችን ጉድጓድ አትጠጡ። ምንጩ የአንድ ሰዓት መንገድ ቢሆንም ከዚያ ይቀዳ።

የወንድምዎ ልጅ


ኅዳር 11 ቀን

ለልጄ ለድንጉጡ፤

እግርህን እንቅፋት አይንካው፤ መዶሻህም የገዛ ጣትህን አይምታው። እኛ ደኅና ነን።

ደብዳቤህን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ስቄ፣ ቀጥሎ ተናድጄ፣ በሦስተኛው አክስትህ ጮክ ብለህ አንብብልኝ ስላለች። እሷ «ልጄ ከስቷል ማለት ነው» ከማለት በቀር ምንም አልወጣትም። እኔ ግን ነገርህ አልገረመኝም። በስምንት ዓመትህ ወደዚህ ቤት ስትመጣ የገዛ ጥላህን ሸሽተህ ቀሚሷ ውስጥ የገባህ ልጅ ነህ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል፤ አንተ ደግሞ እባቡን ሳታይ ነው ከልጡ የምትሮጠው።

አሁን እኔ ልንገርህ። ኩሬው ሳይቆፈር፣ አንተም ገና ሳትመጣ፣ ኩባንያው አንድ የተማረ ሰው ልኮ ነበር። ሰፊ ኮፍያ አድርጎ እንዳንተ ካስማና ሽቦ ይዞ አራት ቀን ሸንተረሩን ሲለካ ከረመ። ያደረው እኛ ቤት ነው። ከጉድጓዱ እየጠጣ እንዲህ ያለ ጥሩ ውኃ አላየሁም አለን። ሲሄድም እጄን ይዞ «አባቴ፣ ከዚህ በታች ያለው ጭቃ እንደ ሸክላ ድስት ነው፤ ጠብታ አያሳልፍም» አለኝ። እርግጥ ነው አንተ አራት ክፍል ተምረሃል፤ እኔም ሁለት። ተደምረን ስድስት እንሞላለን። ያ ሰው ግን ዕድሜውን ሙሉ የተማረ ነው። ከእሱና ካንተ ማንን ልመን?

ምንጩ የአንድ ሰዓት መንገድ ነው ትላለህ። ለወጣት እግር ነው አንድ ሰዓት።

ሌላ አላስቸግርህም። ለአክስትህ አንድ ጫማ ላክላት። ቁጥሯ ያው ነው፤ ብቻ ሰፋ ያለና ውስጡ ለስላሳ ይሁን።

አጎትህ


ኅዳር 29 ቀን

ይድረስ ለማከብርዎ አጎቴ፤

ዘመንዎ ይርዘም፤ ቁጣዎም ይቅለልልኝ። ተግሣጽዎን እንደ ምርቃት ተቀብያለሁ። ጫማውን በጭነት መኪናው ሾፌር በጎረቤታችን ልጅ እጅ ልኬያለሁ። ገበያ ውስጥ ሻጩ «ለአሮጊት ነው?» ቢለኝ፣ አክስቴ ገና አምሳ አልሞላትም ብዬ ተቆጣሁት። በኋላ ግን ሰፊና ለስላሳ የሚፈልገው ምን ዓይነት እግር እንደሆነ ሳስብ ቆየሁ። ይህን ልጠይቅዎ አልደፈርሁም፤ አሁንም አልጠይቅዎትም።

ስለ ሰፊ ኮፍያው ሰው የጻፉልኝን ለምድር ሐኪሙ አነበብኩላቸው። ሽቦ እየጠቀለሉ ነበር፤ እጃቸው ቆመ። «ጉድጓዱ አጠገብ ያለው ዋርካ አሁንም አለ?» አሉኝ። አለ አልኋቸው። ስለ ዋርካው ነግሬያቸው እንደማላውቅ ትዝ ያለኝ ማታ እግሬን ስታጠብ ነው። በማግሥቱ ልጠይቃቸው ፈልጌ ተውሁት። እንጀራዬ በእጃቸው ነው።

ነገር ግን አንድ በጎ ነገር አደረጉልኝ። ጣቢያችን የሚያስመረምረው አፈር ብቻ ነውና፣ ከጉድጓዱ አጠገብ አፈር ከመጣላቸው በላቦራቶሪ አስመርምረው የማያጠራጥር መልስ እንደሚሰጡኝ ቃል ገቡልኝ። ስለዚህ አጎቴ፣ እኔን አይመኑኝ፤ ምርመራውን ግን ይመኑ። ከጉድጓዱ አፍ ሁለት እርምጃ ርቀው፣ የውኃው መፋሰሻ ባለበት በታችኛው በኩል፣ እስከ ጉልበት ይቆፍሩ። ከሥሩ ያለውን እርጥብ አፈር እንዳለ በንጹሕ ጣሳ ይላኩልኝ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላሉና፣ ለዚህ ለድንጉጥ ልጅዎ ሲሉ ይህን አንድ ነገር ያድርጉልኝ።

የወንድምዎ ልጅ


ጥር 17 ቀን

ለልጄ፤

የወጣህበት በር በደኅና ይመልስህ።

መልሴ ስለዘገየ አትቀየም፤ ሾፌሩ መኪናው ተበላሽቶበት ነበር። አሁን ጣሳውን በእጁ ልኬልሃለሁ። የወተት ዱቄት የነበረበት ነው፤ አክስትህ በአመድ ፈትጋ ሦስት ውኃ አጥባዋለች። አፈሩንም እንደማያሳፍርህ አድርገን አዘጋጅተነዋል። ለተማረ ሰው የሚላክ ነገር ነውና፣ የዚህን ቤት ልጅ ንቀው እንዳያዩት።

ጫማው ልክ ነው። ገና አላደረገችውም፤ ለክብር ቀን ብላ በሣጥን አስቀምጣዋለች።

አንድ የቆዳ ቅባት ካገኘህ ላክልኝ። የእኔ ተረከዝ ነው የተሰነጠቀው። ለቁስልም የሚሆን ቢሆን አይከፋም።

አጎትህ


የካቲት 9 ቀን

ይድረስ ለማከብርዎ አጎቴ፤

ከሰላምታ በፊት ምሥራቹን ላስቀድም፤ አፈሩ ንጹሕ ነው። የላቦራቶሪው ወረቀት ዛሬ ጠዋት ደረሰ። ከተለመደው የተፈጥሮ መጠን ያለፈ ምንም መርዝ የለበትም። እንደልባችሁ ጠጡ። ባለፈው ያስፈራራኋችሁን ሁሉ እንደ ልጅ ቅዠት ቁጠሩልኝ።

አሁን ልቤ ስላረፈ የደበቅሁትን እነግርዎታለሁ። ሰፊ ኮፍያ የነበራቸው ሰው አለቃዬ ናቸው። ወረቀቱን አንብበው መኪናው ውስጥ ገቡና ለብዙ ጊዜ አልወጡም። ብሄድ እያለቀሱ አገኘኋቸው። አጠገባቸው አስቀምጠው የነገሩኝን እንደሰማሁት እጽፍልዎታለሁ።

እናንተ ቤት ሲያድሩ የተናገሩት ከልባቸው ነበር። ቢሮ ተመልሰው ልኬቱን በሥዕል ሲያወጡት ግን፣ ኩሬው ከሚቆፈርበት ቦታ ተነሥቶ ወደ እኛ ጉድጓድ የሚወርድ ቀጭን የጠጠር መስመር በጭቃው መካከል አዩ። ጠጠር ውኃ ያሳልፋል። ለአለቃቸው ቢያሳዩ፣ ለዚህች ክር ብለን ሥራ አናቆምም፤ አጥፋትና ፈርም አሏቸው። «እናንተ ቤት አልዋሸሁም» አሉኝ፤ «የዋሸሁት ቢሮ ገብቼ ነው። መስመሯን በአንድ ጣት ቁልፍ ተጭኜ አጠፋኋት። ፊርማ እንኳ የዚያን ያህል አልቀለለኝም።» ከዚያ በኋላ ሌሎች ዓመታትም በኩባንያው ሠርተዋል፤ ኩሬ ባዩ ቁጥር ግን ያቺን መስመር ያዩ ነበር። በመጨረሻ ሥራውን ለቀው ወደ አፈር ምርምር መጡ። ሲወጡ ስለ ኩባንያው ምሥጢር ላይናገሩ ፈርመዋልና፣ ስለ እኛ ሸንተረር ለማንም ትንፍሽ ብለው አያውቁም። እኔን የቀጠሩኝም ለዚሁ ነው፤ የዚያን ቤት ወሬ ከእኔ ለመስማት።

ስለዚህ ደስታው የእኔ ብቻ አይደለም። አንድ ነገር ብቻ ቅር አለኝ። ጣሳው በመጣ ቀን ጥቂቱን በጣታቸው መካከል እያሹ «ይህ በእውነት ከጉድጓዱ አጠገብ ነው?» ብለውኝ ነበር። ተቀየምሁና አጎቴ አይዋሽም አልኋቸው። ሌላ አልጠየቁኝም።

ቅባቱን ከዚህ ጋር ልኬያለሁ።

የወንድምዎ ልጅ


ሚያዝያ 2 ቀን

ለልጄ፤

ሰላምታውን ተወው።

አክስትህ ከተማ ሆስፒታል ተኝታለች። ዛሬ አሥራ ዘጠኝ ቀኗ ነው። ቅባቱን ለእኔ ነው ያልኩህ ውሸት ነበር። ጫማውንም ለክብር ቀን አልነበረም ያስቀመጠችው፤ ተረከዟ ላይ የወጣው ጠጣር ተሰንጥቆ ቁስል ሆነና እግሯ አልገባ ብሏት ነው። አትንገረው፣ በሩቅ አገር በጭንቀት ያልቃል እያለች አፌን ዘጋችው።

የሆስፒታሉ ዶክተር መዳፏን አገላብጦ አየና መጀመሪያ የጠየቀኝ የምትጠጡት ውኃ ከየት ነው ብሎ ነው። ተመርምሯል፣ ንጹሕ ነው ብዬ የአንተን ደብዳቤ ከኪሴ አውጥቼ ሰጠሁት። ኮራሁም። አነበበና፣ እንግዲያው ሌላ ነገር ነው ብሎ ሌላ መድኃኒት ጀመረላት። ውኃዋንም ከቤት በጀሪካን እየቀዳሁ አመላለስኩላት፤ የሆስፒታሉ አይጥማትም።

ልጄ፣ አሁን የምጽፈውን ስታነብ ቁጭ በል። አፈሩ ከጉድጓዱ አጠገብ አይደለም። እንዳልከኝ ቆፍሬ ነበር፤ የወጣው ግን ጥቁር፣ የሚሸት ጭቃ ሆነ። አክስትህ አይታ፣ «ይህን ቆሻሻ ለተማረ ሰው ልትልክ ነው? ልጃችን ምን ቤት ነው ያደገው ይበሉ?» አለችኝ። እውነቷን መሰለኝ። ስለዚህ ከላይኛው ማሳችን፣ ካባቴ ጀምሮ ድንጋይ ከለቀምንበት መሬት ወሰድኩ። እሷ በፀሐይ አስጥታ በዚያ መዳፏ ሦስት ጊዜ በወንፊት ነፋችው። እንደ ዱቄት ሆነ። ዓይን የሚገባ አፈር ነበር። መሬት መሬት ነው፣ የአንድ ሰው መሬት አንድ ነው ብዬ ነው።

ዶክተሩን ምን ልበለው?

አጎትህ


ሚያዝያ 10 ቀን

ይድረስ ለአጎቴ፤

ደብዳቤዎ በደረሰኝ ቀን ነው የምጽፈው፤ ስለቸኮልሁ ፊደሉን ይታገሡኝ። ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም። «እንዳለ» ብዬ ጻፍሁ እንጂ ለምን ጭቃው ራሱ እንደሚፈለግ አልገለጽሁም። ከዚያም «እንደልባችሁ ጠጡ» ያልሁ እኔ ነኝ። በዚያ ቃል ነው ዶክተሩ የተሳሳተው። አክስቴ አሳድጋ ፊደል ያስቆጠረችኝ ለዚህ ኖሯል።

ደብዳቤዎን ይዤ ወደ አለቃዬ ክፍል ሳላንኳኳ ገባሁ። አንብበው አልደነገጡም። ይህ ነው ያቃጠለኝ። «በጣቴ ሳሸው አውቄ ነበር» አሉኝ፤ «የጉድጓድ ዳር አፈር እንዲያ አይደለም። ግን ንጹሕ እንዲሆን ፈለግሁ።»

አጎቴ፣ እኔ በሰው ፊት ድምፄን ከፍ አድርጌ የማላውቅ ሰው ነኝ። ዛሬ ግን፣ «እሷ ያነጠፈችልዎትን አልጋ ያስታውሱታል?» አልኋቸው። ያኔ ነው ወረቀት ያወጡት። ስለጠፋችው የጠጠር መስመር፣ ስለ ኩሬው ዝቃጭና በውስጡ ስላለው አርሴኒክ፣ አፈሩም ከሌላ ቦታ ስለመሆኑ አንዱንም ሳያስቀሩ ጽፈው በሙሉ ስማቸው ፈረሙ። ኩባንያው እንደሚከሳቸው ያውቃሉ።

ወረቀቱን ከዚህ ጋር አሽጌያለሁ። በእግዚአብሔር ይዤዎታለሁ፣ ዛሬውኑ ለዶክተሩ ይስጡት። የእኔን ደብዳቤ ይቀበሉትና ይቅደዱት። ጀሪካኑን ይድፉት። ጉድጓዱን ይክደኑት። እኛ ካስማና ሽቦውን ይዘን በግንቦት አጋማሽ እንመጣለን። እሳቸውም ይመጣሉ። ቢያባርሯቸው አልፈርድብዎትም።

አክስቴን በሕይወት ያቆዩልኝ።

የወንድምዎ ልጅ


ግንቦት 6 ቀን

ለልጄ፤

በመንገድህ ሁሉ ጠባቂ አይለይህ።

ወረቀቱን በደረሰኝ ቀን ለዶክተሩ ሰጠሁት። ቆሞ ጀመረውና ተቀምጦ ጨረሰው። መድኃኒቱን ወዲያው ለወጠ። ቁስሉ ግን ነቀርሳ ወደሚሉት መጥፎ ነገር ተለውጧል፣ ከአንድ ወር በፊት ባውቀው ጥሩ ነበር አለኝ። ጥሩ ነበር ያለውን ነገር እንዲያብራራልኝ አልጠየቅሁትም። ሐሙስ ዕለት እግሯን ከቁርጭምጭሚቷ በላይ ቆረጡት። ሌላው አካሏ ይድን እንደሆነ ገና አያውቅም፤ በየሳምንቱ እንየው ብሏል።

ስትነቃ እኔ ነኝ ያለቀስኩት። እሷ ወደ ግድግዳው ዞራ፣ «ከእንግዲህ ውኃ የምትቀዳው አንተ ነህ፤ ላንተም እግር አንድ ሰዓት መሆኑን እናያለን» አለችኝ። ደብዳቤህን አልቀደድኩትም፤ እሷ ነጥቃኝ ትራሷ ሥር አድርጋዋለች። «ደስ ብሎት የጻፈው አንድ ደብዳቤ ይህ ነው» ትላለች።

ጫማ እንዳትልክ። ካለፈው አንዱ እንዳዲስ አለ።

ጉድጓዱን በወፍጮ ድንጋይ ከድኜዋለሁ። ከመክደኔ በፊት እንዳዘዝከኝ ከታችኛው በኩል እስከ ጉልበት ቆፍሬ በዚያው በወተቱ ጣሳ ሞላሁት። ይህኛው በወንፊት አላለፈም። ሥሩም፣ ሽታውም፣ ጭቃውም እንዳለ ነው። ትል ፈልጌ አጣሁበት። ስትመጡ እሰጣችኋለሁ።

ሰውየው ይምጣ። ላባርረው አስቤ ነበር፤ ጎረቤቶቹም ብዙ አስበውለታል። ግን በሸንተረሩ ላይ ጉድጓድ ያላቸው ሌሎች አሥራ አራት ቤቶች አሉ፤ መስመሯ የት የት እንደምትሄድ ከእሱ በቀር የሚያውቅ የለም። ያጠፋትን ራሱ ይፈልጋት። አልጋውም ያው አልጋ ነው፤ የሚያነጥፈው ሰው ብቻ ተለውጧል።

ውኃ ሲጠማው እንዳይጨነቅ ንገረው። ጠዋት ጠዋት ከምንጩ እየቀዳሁ ነው፤ አንድ ጀሪካን ለእሱ አስቀምጣለሁ። ከጉድጓዱ አላጠጣውም። እኔ እያወቅሁ ለሰው አልሰጥም።

አጎትህ